ደካማ ወላጅን ይዞ ሐጅ መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕድሜያቸው የገፋ እናትና አባታቸውን ይዘው ወደ መካ ለመሄድ የተነሱ ልጆች የሚጠይቁት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ግማሹ የፊቅህ (የሃይማኖቱ ሕግ) ጥያቄ ነው፤ ግማሹ የጉልበት፣ የመድኃኒትና የሽንት ቤት። ሁለቱ ደግሞ አይለያዩም። ሸሪዓው ለደካማ የሰጠውን ሩኽሷ (ማቅለያ) የማያውቅ ልጅ ወላጁን ባልተጣለባቸው ነገር ያለፋል፤ የወላጁን አቅም ያልለካ ደግሞ ሩኽሷውን የሚያስታውሰው እርሳቸው ከወደቁ በኋላ ነው። መዝሀቦች (የፊቅህ መንገዶች) በሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ከጉዞ በፊት የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ።

አባቴ በጣም ደክመዋል። ሐጅ አሁንም ግዴታቸው ነው?

ግዴታው ወደዚያ መሄድ ለቻለ ሰው ነው (አሊ ዒምራን 3፥97)። መቻል ሲባል ገንዘብም አካልም ነው። ገንዘቡ ኖሮ አካሉ እምቢ ካለ፣ ይሻላቸዋል የሚል ተስፋም ከሌለ፣ ሰው ወክለው ሐጃቸውን ያስደርጋሉ። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በመሰናበቻው ሐጅ ላይ፣ ከኸሥዐም ጎሳ የሆነች ሴት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። አባቷ ሐጅ ግዴታ ሲሆንባቸው እንስሳ ላይ ተደላድለው መቀመጥ የማይችሉ ሽማግሌ ነበሩ። «በእርሳቸው ፈንታ ሐጅ ላድርግላቸው?» አለች፤ «አዎ» አሏት። ወኪሉ አስቀድሞ የራሱን ሐጅ ያደረገ ሰው ይሁን።

ይህንን ለወላጆቻችሁ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ሳይሄዱ መሞትን ፈርተው ከአቅማቸው በላይ የሚነሱ ብዙ አዛውንቶች አሉ፤ መወከል ሙሉ መፍትሔ መሆኑን የነገራቸው የለም። ካዕባን በዓይናቸው ማየት ነው የሚናፍቁት ከሆነ ደግሞ ሕዝብ በማይበዛበት ወር ዑምራ ይዟቸው መሄድ ትልቅ ነገር ነው። ዑምራው ግን የሐጅን ግዴታ አያወርድም።

መቻል አለመቻላቸውን በምን እናውቃለን?

የመጀመሪያው መልስ የሐኪም ነው፤ ልብ፣ ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት። የሳዑዲ የጤና ሚኒስቴርም ከባድ የአካል ክፍል ድክመት ያለባቸውን (ዲያሊሲስ የሚያደርጉትን፣ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ትንፋሽ የሚያጥራቸውን የልብ ሕሙማን) እና የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አዛውንቶች ከሐጅ የሚከለክል የጤና መስፈርት አውጥቷል። የሐኪሙን ወረቀት እንደ ቢሮ ማሟያ አትዩት።

ሁለተኛውን ግን እናንተው ቤት ውስጥ ትፈትናላችሁ። መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ ያለ ሰው እጅ መነሳት ይችላሉ? ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ላይ ተቀምጠው መነሳትስ? ሌሊት እንቅልፋቸው ተቆርጦ በነጋታው ምን ይሆናሉ? ሐጃጆች የሚያድሩባቸው ሙዝደሊፋና ሚና የሚጠይቁት እነዚህን ነው። ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት የሚራመዱ ሰው ከመሬት መነሳት ሊያቅታቸው ይችላል።

ጊዜው ቀዝቀዝ እስኪል ብንጠብቅስ?

ሐጅ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ከከባዱ በጋ እየወጣ ነው። ነገር ግን ለ80 ዓመት ሰው መጠበቅ ራሱ አደጋ አለው። ዘንድሮ መሄድ ከቻሉ፣ ዘንድሮ ይሂዱ።

ኢፍራድ፣ ቂራን ወይስ ተመቱዕ?

ሦስቱ የሐጅ አደራረጎች ናቸው፤ ኢፍራድ ሐጅን ብቻ፣ ቂራን ሐጅና ዑምራን በአንድ ኢሕራም፣ ተመቱዕ ለየብቻ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ቡድኑ ተመቱዕ ስለሚያደርግ ወላጅም አብሮ ይነዳል። ለደካማ ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በተመቱዕ መጀመሪያ ዑምራ፣ ኋላ ሐጅ ስለሚደረግ በብዙሃኑ አቋም ሁለት ሰዕይ (በሶፋና በመርዋ መካከል መመላለስ) አለ። በኢፍራድ አንድ ብቻ ነው፤ ቂራንም ከሐነፊ መዝሀብ ውጭ እንደዚያው ነው። አንድ ሰዕይ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። በሌላ በኩል ተመቱዕ በመሃል ከኢሕራም (ከሐጁ ክልከላና ልብስ) ያስወጣል፤ ሐጁ ሊገባ ብዙ ቀን የቀረው፣ በሁለት ጨርቅ የሚቸገር አባት ያርፍበታል። እኔ ብጠየቅ፣ ዘግይተው መካ ለሚደርሱ ደካሞች ኢፍራድን፣ ቀድመው ለሚደርሱ ተመቱዕን እመርጣለሁ።

ኒያ (የሐጁን ሐሳብ) ሲያደርጉ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥም አይረሳ። ዱባዓ ቢንት አዝ-ዙበይር ሐጅ አስባ ሳለ እንዳመማት ስትናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «አላህ ሆይ፣ ከኢሕራም የምወጣው በያዝከኝ ቦታ ነው» የሚል ቃል እንድታክል ነገሯት። ይህንን የሚቀበሉት ዑለማዎች እንደሚሉት እንዲህ ያለ ሰው ሕመም ቢያስቆመው ያለ ደም (ያለ እርድ) ከኢሕራሙ ይወጣል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሚቃት (ኢሕራም የሚገባበት ቦታ) ሳይደረስ አስጠኗቸው።

ዊልቸር ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያ እናገኛለን?

ይዛችሁ ሂዱ። ሐረም (የመካው ታላቅ መስጂድ) ውስጥ የሚከራይም፣ ገፊ ያለውም፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ጋሪም አለ። ችግሩ እነዚያ ለጠዋፍ (ካዕባን ለመዞር) እና ለሰዕይ እንጂ ከሆቴል እስከ በር፣ ከአውቶቡስ እስከ ድንኳን አብረዋችሁ አይሄዱም። ቀላል፣ የሚታጠፍና በእጅ የሚገፋ ይሁን። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የባትሪውን ዓይነት አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በኤርፖርት እርዳታ እንዲደረግላቸውም ትኬት ሲቆረጥ ይመዝገብ።

ዊልቸር የያዘ ሰው በተለይ ሕዝብ ሲበዛ ወደ ላይኛው ፎቅ ይመራል። እዚያ አንዱ ዙር ካዕባ ሥር ካለው እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ሰባት ዙር ሲሆን ለገፊው ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ይፈራረቅ፣ ሰዓቱም ከዒሻ በኋላ ወይም ከሱብሒ ቀደም ብሎ ይሁን። የሰዕዩ መተላለፊያ መሃል ላይ ለዊልቸር የተለየ መስመር አለ።

አንድ ነገር ከመግፋታችሁ በፊት እዩ። የኢሕራሙ ጫፍ ይንጠለጠልና ጎማ ውስጥ ይገባል። ጎማው ጨርቁን ጠቅልሎ ሲቆም አባት ወደፊት ይወረወራሉ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ደግሞ አይቆምም። ጨርቁን ከሁለቱም ወገን ከጭናቸው ሥር ሸጎጥ፣ እግራቸውንም የእግር ማስቀመጫው ላይ አድርጉ። የእግር ማስቀመጫው ብረት የፊተኛውን ሰው ተረከዝ እንዳይመታ ደግሞ አንድ እርምጃ ርቀት ጠብቁ።

እየገፋሁ የማደርገው ጠዋፍ ለእኔም ይቆጠርልኛል?

ሁለታችሁም የየራሳችሁን ኒያ ካደረጋችሁ ይቆጠራል የሚለው የብዙ የዘመኑ ዑለማዎች መልስ ነው። ዙር የመቁጠሩ ሥራ ግን የእናንተ ነው፤ እርሳቸው በዱዓቸው ይሁኑ።

እናቴ «በእግሬ ነው እንጂ» ብለው ዊልቸር እምቢ አሉ። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመላለሳል። ዊልቸር ላይ መቀመጥ ለብዙ ወላጅ ሽንፈት ነው፤ ምንዳ የሚቀንስም ይመስላቸዋል። ክርክር አይረዳም፤ ታሪኩ ይረዳል። የምእመናን እናት የነቢዩ ባለቤት ኡሙ ሰለማ መታመሟን ስትናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዎች ጀርባ፣ እንስሳ ላይ ተቀምጣ ጠዋፍ እንድታደርግ አዘዟት። እርሳቸውም በመሰናበቻው ሐጅ ግመል ላይ ሆነው ጠዋፍ አድርገዋል፤ ሐጀሩል አስወድን (ጥቁሩን ድንጋይ) በያዙት ዘንግ ይነኩት ነበር። ይህንን ከልጅ አፍ ሳይሆን ከሚያከብሩት ሸይኽ አፍ ቢሰሙ ይሻላል። ከጉዞ በፊት ሸይኹን ቤት ጥሩ።

ያም ካልሆነ ባዶውን ዊልቸር እየገፋችሁ አብራችሁ ዙሩ። ውሃውና ጫማው ይቀመጥበት። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ላይ «ትንሽ ልረፍ» ሲሉ ወንበሩ አጠገባቸው አለ፤ ማንም «ብዬ ነበር» አይበል። ዋናው የሐጅ ቀን ዐረፋ ስለሆነ ጉልበታቸው ለዚያ ይቀመጥ የሚለውም ብዙዎችን ያሳምናል።

ዐረፋ ላይ መቆም ማለት በእግር መቆም ነው?

አይደለም፤ መገኘት ነው። ተቀምጠው፣ ተኝተው፣ ዊልቸር ላይ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ሆነውም ይቆጠራል። የሳዑዲ ጤና አገልግሎት ሆስፒታል የተኙ ሐጃጆችን በየዓመቱ በአምቡላንስ ወደ ዐረፋ ያጓጉዛል። ጀበል ረሕማ (ዐረፋ ላይ ያለው ኮረብታ) ላይ መውጣት ከሐጅ ሥራ አይደለም። ሕዝቡ ስለወጣ ብቻ አባታችሁን ወደዚያ ድንጋይ አትውሰዱ። ይልቅ ድንኳኑ ከዐረፋ ወሰን ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ የነሚራ መስጂድ የፊት ክፍል እንኳ ከወሰኑ ውጭ ነው።

ሙዝደሊፋና ሚናስ?

ከባዱ ሌሊት ሙዝደሊፋ ነው። ሜዳ ነው፤ ምንጣፍ ዘርግቶ ሰማይ ሥር ማደር፤ መጸዳጃው ሩቅ፣ ወረፋው ረጅም። እዚህ ላይ ሩኽሷው ግልጽ ነው። ሰውነቷ ከባድና እርምጃዋ ዝግ ያለ የነበረችው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ሰውዳ ሕዝቡ ሳይጋፋት ሌሊቱን እንድትሄድ ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ኢብን ዐባስም በዚያ ሌሊት ቀድመው ከተላኩት የነቢዩ ቤተሰብ ደካሞች አንዱ ነበር። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወላጁም ከእርሳቸው የማይለየው ልጅም መንቀሳቀስ ይችላሉ። ከቡድን መሪው ጋር የምትነጋገሩት ግን እዚያው ሌሊት ላይ አይደለም፤ «ደካሞች በየትኛው መኪና፣ በስንት ሰዓት ይሄዳሉ?» የሚለው ጥያቄ ገና ሳትመዘገቡ ይነሳ። ግልጽ መልስ የሌለውን ቡድን ተዉት። ለእነዚያ ጥቂት ሰዓታት የሚታጠፍ ወንበር ያዙ፤ መሬት ከተቀመጡ ማስነሳቱ ሌላ ሥራ ነው።

ዐረፋን፣ ሙዝደሊፋንና ሚናን የሚያገናኝ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ። ነገር ግን ሁሉም ቡድን በባቡር አይሄድም፤ ጣቢያው ላይ የሚጠበቀውም ሕዝብ ቀላል አይደለም።

ሚና ላይ ከድንኳኑ በር አጠገብ ያለውን ቦታ ለምኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአጎታቸው ለዐባስ ውሃ የማጠጣት ሥራ ስለነበረባቸው የሚና ሌሊቶችን መካ እንዲያድሩ ፈቅደውላቸዋል። ከዚህ ተነስተው ብዙ ዑለማዎች ለታማሚና ለአስታማሚም ይህን ፈቃድ ይሰጣሉ።

ጠጠር መወርወሩን ልጅ ሊሠራላቸው ይችላል?

ይችላል፤ መሄድ ላልቻለ ሰው መወከል የተለመደ ነው። ወኪሉ መጀመሪያ የራሱን ሰባት፣ ከዚያ የወላጁን ሰባት ይወረውራል። መሄድ የሚችሉ ከሆነ ደግሞ በሌሊት ይዟቸው መሄድ ይቀላል።

በዙልሒጃ 10ኛው ቀን ሥራዎች (ጠጠር መወርወር፣ ማረድ፣ ፀጉር መላጨት፣ ጠዋፍ) ቅደም ተከተል ላይ የተጨነቁ ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) አንዱን ከአንዱ አስቀድመው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «አድርግ፣ ችግር የለውም» ነበር። ለወላጅ የሚመቸውን ያዙ።

ሽንት የመቆጣጠር ችግር አለባቸው። ኢሕራሙ፣ ዉዱኡ፣ ጠዋፉ እንዴት ይሆናል?

ወላጆች ይህንን ለልጃቸው አይናገሩም። የሚያደርጉት ውሃ መተው ነው። ሚና ላይ ጠዋት ሻይ ገፍተው፣ ውሃ «አልጠማኝም» ብለው፣ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታትና መደናገር ከጀመራቸው፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመጸዳጃው ወረፋ ነው። ወረፋውን ፈርተው ነው የተጠሙት። ስለዚህ እናንተ አንሱት፤ አባትን ወንድ ልጅ፣ እናትን ሴት ልጅ ወይም ምራት ብታናግር ይቀላል።

ዳይፐር ለችግሩ ይፈቀዳል። ወንድ ሙሕሪም (ኢሕራም ላይ ያለ) ከለበሰው ፊድያ (ማካካሻ) አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ዑለማዎች ይለያያሉ። አለበት ቢባል እንኳ ፊድያው የታወቀ ነው፤ ሦስት ቀን መጾም፣ ወይም ስድስት ድሆችን ማብላት፣ ወይም በግ ማረድ። ሽንቱ የማይቋረጥበት ሰው እንደ ብዙሃኑ አቋም የሶላት ወቅት ከገባ በኋላ ዉዱእ ያደርጋል፤ በዚያው ዉዱእ ይሰግዳል፣ ጠዋፍም ያደርጋል። በመሃል የሚወጣው ከአቅሙ ውጭ ስለሆነ አይጎዳውም። ማበሻውና ሳሙናው ሽታ የሌለው ይሁን፤ ሽቶ በኢሕራም የተከለከለ ነው። ለሌሊት ክዳን ያለው የሽንት ዕቃ ድንኳን ውስጥ ማስቀመጥ ነውር አይደለም። በጨለማ ተነስተው፣ የተኛ ሰው ተሻግረው፣ እርጥብ ወለል ላይ ከመውደቅ ያድናል።

ሙቀቱ ያን ያህል ያሰጋል?

እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ሐረም ላይ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቦ ነበር፤ ከ1,300 በላይ ሐጃጆች ሞቱ። የሳዑዲ ባለሥልጣናት እንደገለጹት ከአምስቱ አራቱ ያለ ፈቃድ የገቡ፣ መጠለያና መጓጓዣ ሳይኖራቸው በፀሐይ ረጅም መንገድ የሄዱ ነበሩ። «በሌላ ቪዛ እናስገባቸዋለን» የሚል ደላላ ሲመጣ ይህንን አስታውሱ። ያለ ፈቃድ የገባ አዛውንት ድንኳን የለውም፣ አውቶቡስ የለውም።

ሽማግሌ ሰው ጥም ዘግይቶ ነው የሚሰማው። «ውሃ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እጃቸው ላይ ስጧቸው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን የፈሳሹን መጠን ሐኪሙ ይወስን። ወንድ በኢሕራም ላይ ራሱን በሚነካ ነገር አይሸፍንም፤ ጥላ መያዝ ግን ይቻላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠጠር ሲወረውሩ ሶሐባ በልብስ ከፀሐይ ይጋርዷቸው ነበር። አንደበታቸው ከተሳሰረ፣ ከተደናገሩ ወይም ቆዳቸው ከነደደ ጥላ ውስጥ አስገቧቸው፣ ውሃ እየረጫችሁ አራግቡ፣ አምቡላንስ ጥሩ።

መድኃኒታቸውን እንዴት እንያዝ?

ለጉዞው ቀናት ከሚበቃው በላይ፣ በሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ ከነሐኪም ማዘዣው፣ በእጅ ቦርሳ። ኢንሱሊን ወደ ዕቃ መጫኛው አይግባ፤ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ግዙ። ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሙቀት መጠኑ ይቀየር እንደሆን ሐኪሙን ጠይቁ። የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው፤ ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይወሰድ። የስኳር ሕመምተኛ ባዶ እግሩን የጋለ አስፋልት አይርገጥ። ሐረም በር ላይ የተተወ ነጠላ ጫማ ስለሚጠፋ ጫማቸውን በከረጢት ይዛችሁ ግቡ፤ ማታ ማታም እግራቸውን እዩ።

ከእናቴ ጋር ሶላት ላይ እንለያያለን። እንዳይጠፉብኝ እፈራለሁ።

የሴቶች መስገጃ የተለየ ስለሆነ ወንድ ልጅ ብቻውን እናቱን ይዞ ሲሄድ በየወቅቱ የሚገጥመው ነው። ከተቻለ አንዲት ሴት ከቤተሰብ ትጨመር። ካልተቻለ መገናኛው ቁጥር ያለው በር ይሁን፤ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በር 1፣ የንጉሥ ፈህድ በር 79 ነው። «እዚያ ምሰሶው ጋ» ማለት አይሠራም፤ ምሰሶው ሁሉ አንድ ነው። የሆቴሉን ስምና የእናንተን ስልክ የያዘ የእጅ አምባር ይሰርላቸው። ስልክ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ባትሪ ያልቃል፣ ጩኸቱም አያሰማም።

አምስቱንም ወቅት ሐረም መውረድ ግዴታ አይደለም። ብዙ ዑለማዎች የሐረሙ ምንዳ የመካን የሐረም ክልል በሙሉ እንደሚያካትት ይናገራሉ፤ ሆቴል ውስጥ መስገድ ከዚያ የወጣ አይሆንም ማለት ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለመግሪብና ለዒሻ ወርዶ መመለስ ለብዙ ደካሞች በቂ ነው።

መርሳት የጀመሩ አባት ቢሄዱስ?

አእምሮውን የሳተ ሰው ላይ ግዴታ የለም። ገና መጀመሪያው ላይ ያሉ ሰው እንኳ ቦታ ሲቀየርና እንቅልፍ ሲጎድል ይብስባቸዋል። «እዚህ ጠብቁኝ» ብሎ መሄድ ፈጽሞ አይሆንም። ደህና የነበሩ ሰው በድንገት ከተደናገሩ ደግሞ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የውሃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያቸው።

ጠዋፉ በዛባቸው። የሚቀነስ አለ?

ጠዋፉል ኢፋዷ (የሐጁ ዋና ጠዋፍ) የግድ ነው። ነገር ግን እስከ መመለሻው ዕለት አዘግይተው ያደረጉት እንደሆነ ብዙ ዑለማዎች ለጠዋፉል ወዳዕም (ለመሰናበቻው ጠዋፍ) ያብቃቃል ይላሉ። ሕዝቡም በዚያን ጊዜ ቀለል ይላል። የሱና ጠዋፎችን ተዉላቸው።

መዲናስ?

ከሐጅ ሥራዎች አይደለም፤ ደክመው ከሆነ የቆይታውን ቀን አሳጥሩ። ረውዳ (በነቢዩ መስጂድ ውስጥ ያለው ቦታ) ለመግባት በኑሱክ መተግበሪያ ፈቃድ ይያዛል፤ ሰዓቱ ሲመረጥ ቀኑ የሚሞቅበትን ተዉ።

እዚያው ቢሞቱስ?

ይህንን መጠየቅ ክፉ መመኘት አይደለም። በተለምዶ ቀብሩ እዚያው ይፈጸማል። በኢሕራም ላይ እያሉ ዐረፋ ላይ ከግመል ወድቀው ስለሞቱ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በውሃና በሲድር (የዛፍ ቅጠል) እንዲታጠቡ፣ በሁለቱ ጨርቆቻቸው እንዲከፈኑ፣ ሽቶ እንዳይደረግባቸው፣ ራሳቸውም እንዳይሸፈን አዘዋል፤ በትንሣኤ ቀን ተልቢያ («ለበይክ») እያሉ ይነሳሉና። ከመሄዳቸው በፊት ዕዳቸውና ኑዛዜያቸው ይጻፍ፤ ቤት የቀሩትም ልጆች ስለ ቀብሩ ቀድመው ይወቁ።

እኔስ የራሴን ዒባዳ መቼ አደርጋለሁ?

አንድ ልጅ ለሁለት ደካማ ወላጅ አይበቃም፤ ሌሊት የሚነሳው፣ ወረፋ የሚይዘው፣ የሚገፋው እሱው ከሆነ በሦስተኛው ቀን ራሱ ታማሚ ነው። ወንድምና እህት ካለ ወጪውን ተካፍላችሁ ሁለት ሰው ይሂድ፤ ሌሊቱን በፈረቃ ያዙ። የግድ ብቻህን ከሄድክ ወይም ብቻሽን ከሄድሽ፣ የወላጅ ሥራ ራሱ የዒባዳ ሰዓት መሆኑን ቀድሞ መቀበል ነው። የራስን ሐጅ በተረጋጋ ልብ ማድረግ የሚፈልግ ሰው በሌላ ዓመት ቢሄድ ለሁለቱም ይሻላል።

ስንመለስ የምንጠነቀቀው ነገር አለ?

ብዙዎች ሳል ይዘው ይመለሳሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ከየት እንደመጡ ተናገሩ። የግፊትና የስኳር መድኃኒት በጉዞው ምክንያት ተቀይሮ ከነበረ ደግሞ ወደ ነበረበት ለመመለስ ቀጠሮ ያዙላቸው፤ እንግዳ መቀበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።